ደብተሩ ለምን ሳይታደስ ቀረ? የመንግሥትን ፖሊሲ በዓይነታዊ ዘዴ የመገምገም አሠራር

ደብረ ማርቆስ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችም ሆኑ ከየወረዳው የሚመጡ የዕቅድና የጤና ባለሙያዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ስንት ሰው ባናግር ይበቃኛል?» ብለው ነው። ጥያቄው መልስ አለው፤ በአራተኛው ደረጃ ላይ ተጽፏል። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት የሚሠሩ ሦስት ሥራዎች አሉ፤ እነርሱ ሳይሠሩ የሰው ቁጥር ቢበዛ ምንም ስለማይፈይድ፣ በየጊዜው በቃል የምመልሰውን እዚህ ላይ በተራ አስቀምጬዋለሁ።

ለማሳያነት የመረጥሁት ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንን ነው፤ ቤተሰብ በየዓመቱ መዋጮ ከፍሎ በአባልነት ደብተሩ የሚታከምበት አሠራር ነው። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ጎጃም ውስጥ ያለው ደቡብ አቸፈር ከተመረጡት አንዱ ስለነበረ፣ በአካባቢያችን ከመድኑ ጋር ረጅም ጊዜ የቆዩ ቤተሰቦች አሉ። ከዚህም በላይ አባልነቱ በየዓመቱ የሚታደስ በመሆኑ፣ ሰው ፖሊሲውን የሚቀጥልበት ወይም የሚተውበት የታወቀ ወቅት አለው፤ እንዲህ ያለ የውሳኔ ወቅት ያለው ፖሊሲ ለጀማሪ ገምጋሚ የተመቸ ነው። ደረጃዎቹ ግን ለማዳበሪያ ስርጭትም፣ ለመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም፣ ለአሲዳማ አፈር የኖራ አቅርቦትም ያገለግላሉ።

አንድ ነገር አስቀድመው ይለዩ። ማወቅ የሚፈልጉት ስንት ቤተሰብ እንዳላደሰ ከሆነ፣ ከመዝገብ ቆጠራ ወይም ከዳሰሳ ጥናት የሚገኝ ስለሆነ ይህ መመሪያ አይረዳዎትም። የሚረዳዎት ቤተሰቡ ወደዚያ ውሳኔ እንዴት እንደደረሰ ለማወቅ ሲፈልጉ ነው፤ ዓይነታዊ ዘዴ የምንለውም ይኸው፣ በቁጥር ሳይሆን ሰዎች በሚሉትና በሚያደርጉት መመርመር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ሁለት ደብተሮች፤ አንዱ ለተባለው፣ ሌላው ለታየውና ለራስዎ ሐሳብ።
- የድምፅ መቅረጫ ወይም ስልክ፣ እንዲሁም የተሞላ ፓወር ባንክ።
- የድጋፍ ደብዳቤ ዋናውና ቢያንስ አምስት ቅጂ፣ ከመታወቂያ ጋር።
- የፖሊሲው አዋጅ፣ ደንብና የአፈጻጸም መመሪያ።
- በአንድ ገጽ የሚያልቅ የጥያቄ መምሪያ። ከዚያ ከረዘመ ዓይንዎ ከሰው ይልቅ ወረቀቱ ላይ ይውላል።
- በቃል የሚነበብ አጭር የፈቃድ መጠየቂያ ጽሑፍ።
- የመዳፍ ስፋት ያላቸው የወረቀት ካርዶችና ባለ ቀለም እርሳሶች፤ በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው በምትካቸው ኤክሴል ይጠቀም።

ደረጃ 1፦ ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«የጤና መድን ውጤታማ ነውን?» የሚለው ጥያቄ የትኛውን ሰው ምን ብለው እንደሚጠይቁ አይነግርዎትም። «በዚህ ቀበሌ ዓምና ከፍለው ዘንድሮ ያላደሱ ቤተሰቦች ላለማደስ የወሰኑት እንዴት ነው?» የሚለው ግን ቦታውን፣ ሰዎቹን፣ ዘመኑንና የሚፈለገውን ድርጊት ይዟል። ጥያቄው «እንዴት» ወይም «በምን ምክንያት» የሚል ቃል ከሌለው ደግመው ይጻፉት።

ደረጃ 2፦ ፖሊሲው ከወረቀት እስከ ቤት የሚሄድበትን መንገድ ይሳሉ

የአፈጻጸም መመሪያውን በጥሞና ያንብቡና በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች መስመር ይሳሉ፤ ክልል፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ጎጥ፣ ክፍያ ሰብሳቢ፣ ቤተሰብ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ የመድኃኒት መስኮት፣ ሪፈራል፣ ሆስፒታል። በእያንዳንዱ መገናኛ አጠገብ «በመመሪያው መሠረት እዚህ ላይ ምን መሆን አለበት?» ብለው መልሱን ይጻፉ። በጤና መድኑ ለምሳሌ ምዝገባው በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ነው፤ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች ተለይተው መዋጮአቸውን መንግሥት ይሸፍናል፤ ከጤና ጣቢያ በላይ የሚታከም ሰው ሪፈራል ያስፈልገዋል። ክፍያውም በአብዛኛው የሚሰበሰበው ምርት ከገባ በኋላ ገበሬው እጅ ላይ ገንዘብ ይኖራል ተብሎ በሚታሰብበት ወቅት ነው። ይህ የመጨረሻው፣ ልብ ይበሉ፣ በግምት ላይ የቆመ ስለሆነ በተለየ ቀለም ያስምሩበት።

ሥዕሉ የሚያስፈልገው ሁለት የተለያዩ ውድቀቶችን ለመለየት ነው። ሐሳቡ እንደታሰበው ተሠርቶ አልሰምር ማለቱ አንድ ነገር ነው፤ ከነጭራሹ ሳይሠራ መቅረቱ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ፖሊሲው እንዲከለስ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው አፈጻጸሙ እንዲስተካከል። መንገዱን ሳይስል መስክ የወጣ ሰው ሁለቱን ቀላቅሎ ስለሚመለስ፣ ምክረ ሐሳቡ ለማን እንደሚጻፍ እንኳ አያውቅም።

ደረጃ 3፦ በበሩ ይግቡ፤ ነገር ግን በበሩ ብቻ አይወሰኑ

ደብዳቤው ከተቋምዎ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ በተራው ይሂድ። አቋራጭ የሄደ ሰው መሐል መንገድ ላይ ይመለሳል፤ ያናገራቸውንም ሰዎች ለጥያቄ ይዳርጋል። የአካባቢው ጸጥታ የማያስተማምን ከሆነ ሥራውን ያዘግዩ፤ ለጥናት ሲባል እርስዎም ሆኑ አስተናጋጆችዎ ለአደጋ መጋለጥ የለባችሁም።

ችግሩ የሚመጣው ከደብዳቤው በኋላ ነው። እኔ መጀመሪያ በሠራሁት ግምገማ የቀበሌው አመራር በቅን ልቦና ስምንት ሰዎች ሰብስቦ ጠበቀኝ። ስምንቱም ያሳደሱ፣ ስምንቱም መንገድ ዳር የሚኖሩ ነበሩ፤ አመራሩም እስከ መጨረሻው አብሮን ተቀምጦ ነበር። የሁሉም መልስ «ምንም ችግር የለም፤ መንግሥት ይመስገን» ሆነ። ሲመሽ ወደ መኪና መንገዱ አብረውኝ ከወጡት አንደኛው ሽማግሌ መገንጠያው ላይ ቆም ብለው፣ ወንድማቸው ለምን እንደተወው ነገሩኝ፤ ደብተሬን ግን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር። የዚያን ቀን ሥራ እንዳለ ጣልሁት።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። የተሰበሰቡትን ሰዎች አልመልስም፤ ግብዣውን ተቀብዬ የቡድን ውይይት እሠራባቸዋለሁ፤ በደብተሬም ላይ «በአመራሩ የተመረጡ» ብዬ እመዘግባቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ የአባላት መዝገቡን አይቼ የማነጋግራቸውን ራሴ እመርጣለሁ። መዝገቡን ለማየት መቻልዎ በድጋፍ ደብዳቤው ላይ በግልጽ እንዲጻፍ አስቀድመው ያሳስቡ።

ደረጃ 4፦ ሰዎቹን በልዩነታቸው ይምረጡ

እዚህ ላይ ዕጣ አያስፈልግም። ዓላማዎ ሕዝቡን በቁጥር መወከል ሳይሆን የተለያዩ የውሳኔ መንገዶችን ማግኘት ስለሆነ ሆን ብለው ይመርጣሉ። በመዝገቡ ላይ ያሉትንና የሌሉትን አስተያይተው አራት ዓይነት ቤተሰቦችን ይለዩ፤ በየዓመቱ ያሳደሱ፣ ከፍለው የተዉ፣ ከቶ ያልተመዘገቡና መንግሥት የሚከፍልላቸው። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ቀበሌ ይውሰዱ፤ አንዱ ለጤና ጣቢያ የቀረበ፣ ሌላው በእግር ሰዓታት የሚወስድ። ከጮቄ ሥር ያለ ደገኛ ድንች ሸጦ ገንዘብ የሚይዝበት ወርና በዓባይ ሸለቆ ያለ ቆለኛ ማሽላውን የሚሰበስብበት ወር አንድ ላይሆን ስለሚችል፣ የቦታው ልዩነት የክፍያውን ወቅት ለመመርመርም ይጠቅማል። ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን፣ ክፍያ ሰብሳቢውንና የመድኃኒት መስኮቱን ሠራተኛም ጨምሩ። ፖሊሲውን በየቀኑ የሚተረጉሙት እነርሱ ናቸው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመና ብዙ የሚጠቀስ ጥናት በጋናና በናይጄሪያ ከ60 ሴቶች ጋር የተደረጉ ቃለ መጠይቆችን መርምሮ፣ አብዛኞቹ ጭብጦች በመጀመሪያዎቹ 12 ቃለ መጠይቆች ውስጥ መገኘታቸውን አሳይቷል። ይህ ግን ተናጋሪዎቹ ተመሳሳይ ሲሆኑና ጥያቄው ጠባብ ሲሆን የሚሠራ ነው። እርስዎ አራት ዓይነት ቤተሰብ ይዘው 12 ቢያናግሩ ለእያንዳንዱ ሦስት ብቻ ይደርሰዋል። ስለዚህ ከየዓይነቱ በአምስት ወይም በስድስት ይጀምሩና ከየሦስት ቃለ መጠይቅ በኋላ «ከዚህ በፊት ያልሰማሁት ምን ሰማሁ?» ብለው ይጻፉ። በሁለት ተከታታይ ዙር የሚጻፍ ነገር ሲጠፋ በዚያ ዓይነት ላይ ያቁሙ። ያቆሙበትን ምክንያት በሪፖርቱ ላይ ያስፍሩ፤ ፈታኝ «ለምን 22?» ሲልዎት የሚያሳዩት ይህን ነው።

ደረጃ 5፦ አስተያየት አይጠይቁ፤ የሆነውን ያስተርኩ

ከሁሉም ደረጃዎች ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህኛው ነው። «ስለ ጤና መድን ምን ያስባሉ?» ብለው ከጠየቁ የሚያገኙት «ጥሩ ነው» የሚል ነው። ይህ ውሸት አይደለም፤ ለእንግዳ የሚሰጥ ጨዋነት ነው፤ እንደ ሰላምታ ይቀበሉትና ወደ ሥራዎ ይግቡ። ሥራዎ ሰውየውን ወደ አንድ የታወቀ ቀን መመለስ ነው፦

«መጨረሻ ጊዜ ከቤታችሁ ሰው የታመመው መቼ ነበር?»
«ከዚያስ? መጀመሪያ ወዴት ሄዳችሁ?»
«ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ደብተሩን ለማን ሰጣችሁ? ምን አላችሁ?»
«ሰብሳቢው የመጣ ዕለት ቤት ውስጥ ማን ማን ነበር? ምን ተባባላችሁ?»

ሰው አስተያየቱን እንደ ጠያቂው ማንነት ሊያለዝበው ይችላል፤ ቀን፣ ቦታና ሰው ያለበትን ታሪክ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማለዘብ ያስቸግራል።

ታሪኩን ለማስጀመር ከሁሉ የሚሻለው ደብተሩን ራሱን ማየት ነው። አንዲት እናት መድኑ ጥሩ መሆኑን ደጋግመው ከነገሩኝ በኋላ «እማማ፣ ካላስቸገርሁዎት ደብተሩን ያሳዩኝ» አልኋቸው። ከሳጥን ውስጥ በላስቲክ እንደተጠቀለለ አወጡት። ሲገልጡት በመሐሉ አራት የታጠፉ የመድኃኒት ማዘዣዎች ነበሩ፤ በሁለቱ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ «የለም» ተብሎ ተጽፏል። አንዱን ማዘዣ በእጄ ይዤ «ይህን ቀን ያስታውሱታል?» ስላቸው ቀኑን ብቻ ሳይሆን የታመመችው የልጅ ልጃቸው መሆኗን፣ ከተማ ወርደው ከግል መድኃኒት ቤት መግዛታቸውን፣ ለዚያም ሁለት ዶሮ መሸጣቸውን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ከአርባ ደቂቃ ጥያቄ ያላገኘሁትን አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ለመሬት ጉዳይ ይዞታ ደብተሩን፣ ለማዳበሪያ ደረሰኙን በዚሁ መንገድ ይጠቀሙ።

ዝምታንም ይቻሉት። ተናጋሪው ሲያቆም ወደሚቀጥለው ጥያቄ አይዝለሉ፤ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቡናውን ፉት ቢሉ ይቀጥላል። ቅኔ በሚወደድበት አገር ሰው ቅሬታውን በሰም ሸፍኖ ማቅረቡም የተለመደ ነው። «እኛማ ደብተራችን አለ፤ መድኃኒቱ ነው የማያውቀን» ዓይነት ንግግር ከሰሙ ስቀው አይለፉት፤ «ምን ማለትዎ ነው?» ብለው በትሕትና ያስፈቱት። ወርቁን ራስዎ ገምተው ከጻፉ የራስዎን ሐሳብ በሌላ ሰው አፍ አስገቡ ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ጊዜና ቦታ ይምረጡ፤ መስኮቱንም ይመልከቱ

በእርሻና በአጨዳ ወቅት ገበሬን ማስቀመጥ በደልም ነው፣ መልሱም የጥድፊያ ይሆናል። እርሻ በማይነካባቸው የበዓል ቀናት፣ ለምሳሌ ወር በገባ በ12፣ በ21 ወይም በ29፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ቤቱ ይገኛል። የቡድን ውይይት ከ6 እስከ 8 ሰው ይበቃዋል፤ ወንዶችን፣ ሴቶችንና ወጣቶችን ለየብቻ ይያዙ፤ ባልና ሚስት በአንድ ቡድን ካሉ ገንዘቡ ለምን እንደዋለ የሚናገር አይገኝም።

የገበያ ቀን ደግሞ ለምልከታ ይሁን። በተቋሙ ፈቃድ በመድኃኒት መስኮቱ አጠገብ አንድ ጧት ይቀመጡና ምን ያህል ሰው ሙሉ ማዘዣውን ይዞ እንደሄደ፣ ስንቱ «ከውጭ ግዙ» እንደተባለ፣ አባልና ከፋይ በተለያየ ወረፋ መስተናገድ አለመስተናገዳቸውን ይመዝግቡ። የሕመም ዓይነትና ስም አይጻፉ።

ደረጃ 7፦ በዚያው ምሽት ይጻፉ

ከማናገርዎ በፊት ፈቃዱን በቃል አንብበው ይጠይቁ፤ መቅረጫውንም በግልጽ ያሳዩ። «አይቀረጽ» የተባለ እንደሆነ ያጥፉትና በእጅ ይጻፉ። የአንድ ሰዓት ቅጂ በጽሑፍ ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ስለሚፈጅ ሥራው ሲጠራቀም አይገፋም። ሲገለብጡ የሰውየውን ቃል እንዳለ ይተዉት። ቢሮው «ቅድመ ክፍያ» የሚለውን ነዋሪው «ነፃ ሕክምና» ብሎ ከጠራው፣ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው፤ ነፃ ነው ብሎ የከፈለ ሰው መስኮቱ ላይ «ግዛ» ሲባል የሚሰማው ነገር፣ መዋጮ መሆኑን አውቆ ከከፈለው ሰው ይለያል።

ደረጃ 8፦ ንግግሩን ይፍቱና ስም ይስጡት

ጽሑፉን መጀመሪያ ያለ እርሳስ ሁለት ጊዜ ያንብቡት። በሦስተኛው ንባብ እያንዳንዱን ሐሳብ የያዘ ዓረፍተ ነገር ለይተው አጭር ስም ይስጡት። ለማሳያ ያህል፣ አንድ ሰው «ዓምና ከፈልን፤ ማንም አልታመመም፤ ብሩ ሜዳ ቀረ» ቢል፣ ስሙ «ያልታመመ ቤተሰብ ክፍያውን እንደ ኪሳራ ማየቱ» ነው። «የግንዛቤ እጥረት» የሚል ስም ግን አይስጡ። ይህ ቃል በየሪፖርቱ የሚገባው ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር ነው፤ ሰውየው ምን እንዳሰበ ሳይሆን እኛ የፈለግነውን አለማሰቡን ብቻ ይናገራል፤ መፍትሔውንም ሁልጊዜ «ተጨማሪ ሥልጠና» ያደርገዋል። የሚቻል ከሆነ ሁለት ጽሑፎችን ለባልደረባ ሰጥተው ለብቻው ስም እንዲያወጣላቸው ያድርጉና የተለያያችሁበትን ቦታ ተወያዩበት።

ስሞቹ ሲጠራቀሙ ተቀራራቢዎቹን በካርድ ሰብስበው ጭብጥ ይሥሩ፤ ከዚያ በአግድም አራቱን የቤተሰብ ዓይነቶች፣ በቁልቁል ጭብጦቹን አድርገው ሠንጠረዥ ያዘጋጁ። ባዶ የቀረው ሳጥን ከሞላው እኩል ይናገራል።

ደረጃ 9፦ ተፎካካሪ ምክንያቶችን ይፈትኑ

ብዙ ሰው ስምንተኛው ላይ ያቆማል፤ ስለዚህም ሪፖርቱ የቅሬታ ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። ምክንያቶቹን ለመመዘን እያንዳንዱን «ይህ እውነት ቢሆን ሌላ ምን ማየት ነበረብኝ?» ብለው ይጠይቁ።

ሀ. ገንዘብ ማጣት ከሆነ፦ ያላደሰው ቤተሰብ በዚያው ሰሞን ሌሎች ክፍያዎችንም አጓድሎ መገኘት አለበት። የዕድሩን መዋጮ ሳያቋርጥ ከፍሎ መድኑን ብቻ ከተወ ይህ ምክንያት ይዳከማል።

ለ. የመድኃኒት እጦት ከሆነ፦ የተዉት በብዛት ታክመው የሚያውቁ መሆን አለባቸው፤ ውሳኔያቸውም ከጤና ጣቢያ ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ በኋላ የመጣ መሆን አለበት። ቅደም ተከተሉን ማዘዣው ላይ ካለው ቀን ጋር ያስተያዩት። ውሳኔው ከማዘዣው ቀድሞ ከተገኘ ምክንያቱ ይወድቃል።

ሐ. «አልታመምንም» የሚለው ከሆነ፦ የተዉት ደብተሩን ከቶ ያልተጠቀሙበት ይሆናሉ። ይህ ከ«ለ» ጋር በቀጥታ ስለሚጋጭ፣ ሁለቱንም ካገኙ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች እንዳሉ ይወቁ፤ አንዱን ለመጣል አይቸኩሉ።

መ. ሰብሳቢው አለመድረሱ ከሆነ፦ ያላደሱት በአንድ ጎጥ ተከማችተው ይገኛሉ። መዝገቡን በጎጥ መለየት ብቻ ይበቃል።

እያንዳንዱን ፈተና ያለፈና የወደቀ ብለው ይመዝግቡ። ከሐሳብዎ ጋር የማይሄድ ቤተሰብ ሲያገኙ፣ ለምሳሌ መድኃኒት አራት ጊዜ አጥቶም በየዓመቱ የሚያሳድስ፣ ተመልሰው እርሱን ያነጋግሩት። እኔ ዘንድ እንዲህ ያለው ቤተሰብ ሆስፒታል ተኝቶ የዳነ ሰው ያለው ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህንን ከሌሎቹ ንግግር አላገኘሁትም ነበር።

ደረጃ 10፦ ለወረዳውም ለቀበሌውም ይመልሱ

ለወረዳው ሁለት ገጽ ይበቃል። ያየሁት፣ የተነገረኝና እኔ የደመደምሁት ተለያይተው ይቀመጡ፤ እያንዳንዱም ምክረ ሐሳብ በደረጃ 2 ሥዕል ላይ የትኛውን መገናኛ እንደሚነካ ይጠቀስ። ከዚያ ወደ ቀበሌው ተመልሰው ግኝቱን በቃል ያሰሙ። ሰዎቹ «እንዲህስ አላልንም» ያሉበትን ቦታ አይሰርዙት፤ አለመስማማቱን ጨምረው ይጻፉት።

ማስጠንቀቂያ

በትንሽ ቀበሌ ስም መቀየር ብቻ ሰውን አይሰውርም። «አምስት ልጆች ያሏት የቤተ ክርስቲያኑ ጎረቤት» ብለው ከጻፉ ሁሉም ያውቃታል፤ የሚያስለየውን ዝርዝር ያውጡ። ለተናጋሪ ገንዘብ ወይም የዕርዳታ ተስፋ አይስጡ። ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አስተርጓሚ ወይም ጠሪ አያድርጉ፤ የምትገመገመው ሥራዋ ነው። የድምፅ ቅጂውን በይለፍ ቃል ይጠብቁና ሥራው ሲያልቅ ያጥፉት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

- መልሱን ያዘለ ጥያቄ መጠየቅ። «መድኃኒት ስለሌለ ነው የተዋችሁት?» ካሉ መልሱ «አዎ» ነው።
- ያሳደሱትን ሳያናግሩ ስላላሳደሱት መደምደም። ማወዳደሪያ የሌለው ምክንያት አይመዘንም።
- በጣም ያማረውን አንድ ንግግር የሁሉ ድምፅ አድርጎ መጥቀስ።
- የአመራሩን ማብራሪያ እንደ መረጃ ሳይሆን እንደ ፍርድ መቀበል።
- «ከተጠያቂዎቹ 58 በመቶው» ብሎ መጻፍ። ሆን ተብለው የተመረጡ 24 ሰዎች መቶኛ አይወጣላቸውም፤ «ካነጋገርኋቸው 24 ሰዎች 14ቱ» ብለው ይጻፉና ቀጥለው አሥሩ ምን እንዳሉ ይንገሩን።